ኮሚክ ያደለው ፖስተኛ

ዌንደል ሃክስታድ በክሎኬ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያድል የኖረ ፖስተኛ ነው። የሰፈሩን ሰው ስም ከነቤት ቁጥሩ በቃሉ ይወጣዋል። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ ማን ደብዳቤ እየጠበቀ መንገድ መንገድ እንደሚያይ፣ ማን ደግሞ ፖስተኛ ሲያይ እንደሚደበቅ ሳይቀር ያውቃል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ በእግሩ አንድ ዙር ካልዞረ ቁርስ አይወርድለትም ነበር።

አንድ የጥር ጠዋት ደጁ ላይ የተከመረውን በረዶ ሲዝቅ አካፋው ከእጁ ወደቀ። ላንሣው ብሎ ጎንበስ ሲል እሱም አብሮ ወደቀ። ሚስቱ አርዲስ በመስኮት አይታው ኖሮ በባዶ እግሯ በረዶ ላይ ሮጣ ደረሰችለት።

ስትሮክ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ዛለ፣ ቃላቱም ተበታተኑ። ሐሳቡስ አልተነካም። ውስጡ ሁሉም ነገር በየቦታው አለ፤ ለአፉ ሲያቀብለው ነው ሌላ ቃል የሚወጣው። ውሃ ሲጠማው «መጋዝ» ይላል። እህቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» እያለ ያለቅሳል። ንባቡ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። ከሆስፒታል የወጣ ዕለት አርዲስ መኪናዋን ደጃቸው ስታቆም፣ የራሳቸው የፖስታ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ስም አፍጥጦ አየው። በገዛ እጁ በነጭ ቀለም የጻፈው የራሱ ስም ነው። ለእሱ ግን ምስጥ የበላው እንጨት ላይ የቀረ ጭረት መስሎ ነው የታየው። የዚያን ዕለት ከመኪናው ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

በሳምንት ሁለት ቀን የንግግር ሕክምና ይሄድ ጀመር። ሐኪሟ ሬናታ የምትባል፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ፊደል የተጻፈባቸው ካርዶች አመጣችለት፤ ምንም። የአንደኛ ክፍል ማንበቢያ አመጣችለት። «ድመቷ ወተት ጠጣች» የሚለው ገጽ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን በግራ እጁ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ወረወረው። በኋላ አፈረ። ሬናታ ግን አንሥታ አቧራውን እያራገፈች፣ «እኔም ድመቷን አልወዳትም» አለችው።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቀን ተራቸው እስኪደርስ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። አርዲስ ሹራብ ትሠራለች። ዌንደል ሥራ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ጋዜጦች ሲገፋፋ ከሥር ሽፋኑ የተቀደደ አንድ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሔት፣ ወጣ። ቅርጫት ያንጠለጠለ ትልቅ የአየር ፊኛ፣ ባሉን፣ የሚያበር የአንድ ጃርት ታሪክ ነው። ሥዕል ለማየት ማንበብ አያስፈልግምና ገለጠው። ጃርቱ ከአንድ ዝይ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ሲዛዛት፣ መንገዱን ሳያይ ቀርቶ ባሉኑ ከጎተራ ጣሪያ ጋር ሲላተም ተከትሎት ሄደ። ግጭቱ የተሣለበት ቦታ ላይ እሳት የመሰሉ ትልልቅ ፊደላት አሉ። ጣሪያውን አየ፤ ጃርቱን አየ፤ ፊደላቱን አየ።

«ድው!» አለ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዘወር አለ። አርዲስ የሹራብ መርፌዋ ከእጇ ወደቀ። «ምን አልክ?»

በጣቱ አሳያት። «ድው» አለ እንደገና። ከሦስት ወር በኋላ ያነበበው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነበር።

ሬናታ ይህን ስትሰማ ማንበቢያዋን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። ከዚያ በኋላ ሥዕሉ እየመራው ቃሉ ከኋላ እየተከተለ፣ ሐምሌ ላይ አንዲት ገጽ በአንድ ሰዓት፣ በዓመቱ ደግሞ አንድ ሙሉ ኮሚክ በአንድ ምሽት መጨረስ ቻለ። አፉ አሁንም ይሳሳታል፤ በተለይ እንግዳ ሰው ፊት ይተሳሰራል። ንባብ ግን ተመልሶለታል። የፖስታ ሳጥኑን ስም ያነበበ ቀን አርዲስን ከአልጋ ጎትቶ በሌሊት ልብሷ ደጅ አውጥቶ ነው ያነበበላት።

ያን ኮሚክ እዚያ የተወውን ሰው ማመስገን ፈለገ። አርዲስ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ጠየቀችለት፤ ሬናታም አጠያየቀች። የሚያውቅ ጠፋ። በቀን ስንት እናት ስንት ልጅ ይዛ ትገባለች! ዌንደል ይህ ነገር ከነከነው። ዕድሜውን ሙሉ አድራሻው የጠፋ ደብዳቤ ከቦርሳው ታች ሲቀርበት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር።

ከታመመ ወዲህ በሁለተኛው ጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «ኮሚክ» አላት አርዲስን።

«ላምጣልህ?»

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። «ልጆች» አለ። ከዚያ በሩን አሳየ። ከዚያ በግራ እጁ አየሩ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ነገር ሠርቶ፣ «ዱባ» አለ።

አርዲስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለሃሎዊን? ልጆች ቤት ለቤት ሲዞሩ በከረሜላ ፈንታ ኮሚክ ልናድል?»

«እ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

«ዌንደል፣ በእንቁላል ነው የሚደበድቡን! እነዚህ ልጆች በዓመት አንድ ቀን ለስኳር ነው የሚወጡት። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት የጥርስ ብሩሽ ያደለች ዓመት ምን እንዳደረጓት ረሳኸው? ዛፏን በሽንት ቤት ወረቀት እንደ ሬሳ ገንዘው ነው የሄዱት።»

ዌንደል ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እየመረጠ፣ «ኮሚክ ብሩሽ አይደለም» አለ። ሦስት ቃል ሳይደናቀፍ ተከታትሎ ስለወጣለት ክርክሩ በዚያው አበቃ።

ጎረቤት ዱሉት ከተማ ውስጥ ቨርጂል ታኮላ የሚባል፣ ጢሙ ደረቱን የሚሸፍን፣ አሮጌ ኮሚክ የሚሸጥ ሰው አለ። አርዲስ ነገሩን ስታስረዳው ዝም ብሎ ሰማት፤ ከዚያ ወደ ዌንደል ዞሮ፣ «አንተን ያስጀመረህ የትኛው ነው?» ብሎ እሱኑ ጠየቀው። ሰው ሁሉ ስለ እሱ አርዲስን ነበር የሚጠይቃት።

«ጃርት» አለ ዌንደል።

«ጃርቱ! ባሉን አብራሪው?» ቨርጂል ከትከት ብሎ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ያንን ከአንተ በቀር የጠየቀኝ የለም። ጓዳ አንድ ካርቶን ሙሉ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል።» ካርቶኑን እየጎተተ አወጣ። ሌላም ሌላም ጨመረበት፤ የገዙትን ያህል መርቆላቸው መኪናቸው ድረስ ተሸክሞ ሸኛቸው።

ዌንደል ሦስት ሳምንት ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ በእያንዳንዱ ኮሚክ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በግራ እጁ አንዲት ቃል ጻፈ፤ «አመሰግናለሁ»። መቶ አርባ ኮሚክ ነው። ፊደሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ግን ይነበባል።

የሃሎዊን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረዶ መጣል ጀመረ። ዌንደል የፖስተኛነቱን ሰማያዊ ካፖርት ለበሰ፣ ቆቡን ደፋ፣ የድሮ ቦርሳውን ኮሚክ ሞልቶ በትከሻው አነገተ። መስተዋት ፊት ቆሞ «መልካም ሃሎዊን» የምትለዋን እንደ ዳዊት ደገማት። ሃያ ጊዜ ብሏት ሃያውንም ጊዜ በትክክል ወጣች። አርዲስ እንደ በዓሉ ልማድ ተጠርቦ ደጁ ላይ በተቀመጠው ዱባ ውስጥ ሻማ አበራች። እሱ ሳያያት ደግሞ፣ ለክፉም ለደጉም ብላ፣ ሁለት ከረጢት ከረሜላ የሳሎኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀች።

ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የመጀመሪያው ደወል ጮኸ። ዌንደል በሩን ከፈተ። እንደ በዓሉ ልማድ አስፈሪ ልብስ የለበሱ አራት ልጆች ናቸው፤ እናታቸው ብርዱን ፈርታ ወፍራም ጃኬት ከሥር ስላለበሰቻቸው ሸረሪቱም፣ አጽሙም፣ ሁለቱ ጠንቋዮችም ጆንያ አክለዋል።

«ከረሜላ ወይ ተንኮል!» ብለው ባንድነት ጮኹ።

ዌንደል ፈገግ ብሎ ደረቱን ነፋና፣ «መልካም ፋሲካ!» አለ።

ልጆቹ ሳቅ አመለጣቸው። «የፋሲካ እንቁላል ሊሰጡን ነው!» አለ ሸረሪቱ። ይህ እንኳን ባልከፋ። እግረኛ መንገዱ ላይ በብርድ እግሩን እየመታ የቆመ አባታቸው ግን፣ «ዝም በሉ! አያስቅም! ሰውየው ታመው ነው!» ብሎ ገሠጻቸው። ልጆቹ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው መለሱ። ዌንደል በየከረጢታቸው አንዳንድ ኮሚክ ከተተና በሩን ዘጋ። ቦርሳውን አውርዶ ለአርዲስ ሰጣት።

«ወዴት ነው?»

«በቃ» አለ።

«አንድ ቃል ናት የተሳሳትከው። እኔስ ትላንት ቤተ ክርስቲያን ቄሱን በውሻቸው ስም ጠርቻቸው የለ?»

«በቃ» አላት እንደገና፤ ወጥ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

አርዲስ አልተከተለችውም። አርባ አምስት ዓመት አብራው ስትኖር ሲከፋው ብቻውን መሆን እንደሚሻለው ታውቃለች። ከረሜላውን ከቁም ሣጥኑ አውጥታ፣ አንድ ኮሚክ በአንድ እፍኝ ከረሜላ እያደረገች ታድል ጀመር። ዌንደል ቆቡን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ክንዱን አስደግፎ ደወሉን ይሰማል። ይጮሃል፤ ልጆች ይጮኻሉ፤ አርዲስ «ኧረ ምኑ አስፈሪ ነው!» ትላለች፤ በሩ ይዘጋል። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሆነ።

ከዚያ አንድ የማያባራ ደወል መጣ። ጣቷን ደወሉ ላይ የተከለች ልጅ ናት። አርዲስ ስትከፍት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ የንብ አናቢ ነጭ ልብስ ለብሳ በመረብ የተሸፈነችዋን ልጅ አወቀቻት፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ኮሚክ ወስዳለች።

«ይሄ መጽሐፍ አላለቀም» አለች ልጅቱ ሰላምታ እንኳን ሳትሰጥ።

«እንዴት አላለቀም?»

«ጃርቱ እየወደቀ ነው። ሐይቁ መሃል! ከዛ ‹ይቀጥላል› ይላል። ሰው እንዲህ ይደረጋል? እኔ መንገድ መብራት ሥር ቆሜ ሳነብ እግሬ ደንዝዟል።»

አርዲስ ሳቋን ያዘች። «ስምሽ ማነው የኔ ቆንጆ?»

«ጁኒፐር። የሚቀጥለው የት አለ?»

«ለሌላ ልጅ ሰጥተነው ይሆናል፣ ጁኒፐር። እኔ የቱ ከየቱ እንደሚቀጥል አላውቅም። የሚያውቀው ባለቤቴ ነው፤ እሱ ደግሞ… ንግግር ትንሽ ያስቸግረዋል።»

«እኔ እኮ ንግግር እንዲያደርጉ አይደለም የፈለግኩት» አለች ጁኒፐር። «ጃርቱ ምን እንደሆነ ብቻ ነው።»

ዌንደል ይህን ሁሉ ከወጥ ቤት ሰማ። የሚቀጥለውን ክፍል ሃያ ጊዜ ሳያነበው አልቀረም። አንዲት ልጅ ብርድ ላይ ቆማ አንድ ነገር ትጠብቃለች፤ እቃው ደግሞ እሱ ዘንድ ነው። እግሩ ከሐሳቡ ቀደመና ተነሣ።

ጁኒፐር ስታየው መረቧን ከፊቷ ገለጠች። «እርስዎ ነዎት የሚያውቁት? ሞተ?»

«አልሞተም!» አለ ዌንደል። ቃሏ ቀጥ ብላ ስትወጣ እሱም ደነገጠ።

«ታዲያ?»

ዌንደል አየር ላይ ባሉን ሠራ፤ በጣቱ ወጋው። «ሽሽሽ…»

«የራሱ እሾህ ነው የበሳው። እሱን አንብቤዋለሁ። ከዛስ?»

«ከዛ…» ቃሉን ፈለገው፣ ፈለገው። «ማር!»

ጁኒፐር ወገቧን ያዘች። «ማር? ማር ቀዳዳ አይደፍንም። እናቴ አርባ ቀፎ ንብ አላት፤ ማር ይፈስሳል እንጂ አይደፍንም።»

ዌንደል አንገቱ ድረስ ቀላ። ወደ ኋላ ሊመለስ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። ነገር ግን የልጅቱን ፊት አየ። አታዝንለትም፤ አትስቅበትም፤ ምሳዋን እንደተከለከለ ሰው ተቆጥታ መልሱን ብቻ ትጠብቃለች። «ማር አይደለም» አለ። ሁለት ጣቱን አጣብቆ ማላቀቅ እንዳቃተው አደረገ። «ዛፍ። ከዛፍ።»

በዚያች ሰዓት እነ ሸረሪት ዙራቸውን ጨርሰው በደጁ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ምንድነው የሚጫወቱት?» አለ ሸረሪቱ።

«እንቆቅልሽ ነው። የሚጣበቅ ነገር» አለች ጁኒፐር።

«ማስቲሽ!»

«ማስቲካ!» አለች አንደኛዋ ጠንቋይ።

«ከዛፍ ነው እኮ ያሉት፣ አይሰማሽም እንዴ? ሰም!» አለች ጁኒፐር፤ ከዚያ ራሷን አረመች። «የለም፣ ሰም የንብ ነው።»

«ሙጫ!» አለ ዌንደል። «ሙጫ! የጥድ ሙጫ!»

«ኦ!» አሉ ሁሉም፤ አጽሙ አጨበጨበ።

«ቆይ» አለ ሸረሪቱ፤ እሱም ያው የጃርቱ ኮሚክ ደርሶታል። «ሐይቅ መሃል ጥድ ከየት መጣ?»

ዌንደል እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከተጠየቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቦርሳውን ከአርዲስ ተቀብሎ ገለበጠና ኮሚኩን ወለሉ ላይ ዘረገፈው፤ ቦርሳውን እንደ ቅርጫት ወገቡ ላይ አድርጎ ጃርቱን መስሎ ቆመ። «ቅርጫቱ! ቅርጫቱ ጥድ ነው! ሙጫ ያለቅሳል!» ጃርቱ የቅርጫቱን ሙጫ በጥርሱ እንዴት እንደፋቀ፣ አኝኮ አኝኮ ቀዳዳውን እንዴት እንደደፈነ አሳያቸው። ቃል ሲያጣ በእጁ ያሳያል፤ ልጆቹ ይገምታሉ፤ ሲያገኙለት ይቀጥላል። ባሉኑ ግን አሁንም እየወረደ ነው፤ የጃርቱ እግር ውሃ ነክቷል።

«ያኔ መጣ» አለ ዌንደል። «ማን መጣ? የተጣላው… ሐኪም!»

«ሐኪም?» ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። «ሐኪም ክንፍ አለው?»

ዌንደል ራሱም ሳቀ። ደረጃው ላይ ወጥቶ፣ በፖስተኛ ካፖርቱ፣ ክንዱን እያራገበ በጉሮሮው «ቋ! ቋ!» አለ።

«ዝይ!» ብለው ሰፈሩን በጩኸት አናጉት። ደጁ ላይ አሥር አሥራ አምስት ልጅ ተሰብስቧል፤ በረዶው በየጭንቅላታቸው ላይ ይጥላል። ዝዩ ኩርፊያውን ትቶ የባሉኑን ገመድ በአፉ ነክሶ ጃርቱን እስከ ዳር ጎትቶ ሲያደርሰው፣ ያቺ ማስቲካ ያለችው ጠንቋይ እፎይ ብላ ተነፈሰች።

ጁኒፐር ግን አልጨረሰችም። ኮሚኳን ገልጣ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየችው። «እዚህ ላይ ‹አመሰግናለሁ› ብለው የጻፉት ለምንድነው? የወሰድነው እኛ ነን። ማመስገን ያለብን እኛ ነን።»

ዌንደል ገጹ ላይ የተንገዳገደውን ፊደሉን አየ። አርዲስ ልትመልስለት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ታምሜ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ማንበብ… ጠፋ። አንድ ሰው ኮሚክ ተወልኝ። ስሙን አላውቅም። አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን?»

«እናንተ መጣችሁ» አለ።

ጁኒፐር ይህን ልክ እንደ ማሩ ጉዳይ አመዛዘነችው። ከዚያ በዚያ ሰውዬ ፈንታ ምስጋናውን የመቀበል ኃላፊነት የወደቀባት ይመስል ቀጥ ብላ ቆማ፣ «እንግዲያው ምንም አይደል» አለችው።

«ምንም አይደል» አለ ሸረሪቱም። «ምንም አይደል» አሉ ሌሎቹ እየተቀባበሉ።

ዌንደል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የተዘረገፈውን ኮሚክ መልቀም ጀመረ፤ ልጆቹም ተሻምተው እየለቀሙ፣ በዚያው ሁለተኛ ሁለተኛ ወስደው ተበተኑ። የእነ ሸረሪት አባት ወደ ደረጃው ወጣ። «ቅድም ያልኩት…» ብሎ ጀመረና ቃል አጠረው። ዌንደል ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ቃል ያጠረው ሰው እንዴት እንደሚሆን እሱ ያውቀዋል።

ሻማውን አጥፍተው ሲገቡ ቦርሳው ባዶ ነበር። አርዲስ የአተር ሾርባውን አሙቃ፣ ዳቦ ቆርሳ ጠረጴዛው ላይ አቀረበች። ከታመመ ወዲህ የማዕዱን ጸሎት የምታደርሰው እሷ ናት። እጇን አጣጥፋ ልትጀምር ስትል ዌንደል ክንዷን ነካትና አስቆማት።

«ጌታ ሆይ» አለ። አርዲስ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። «ስለ ልጆቹ። ስለ… ያ ሰውዬ። ስለ ቨርጂል። ስለ ሬናታ። በባዶ እግሯ ስለሮጠችው። አመሰግናለሁ።»

አርዲስ ዓይኗን ጠርጋ «አሜን» አለች።

ከዚያ በሉ። ሾርባው ገና ይፋጃል፤ በመስኮቱ በረዶው ሲወርድ ይታያል። ዌንደል ዳቦውን በእጁ ይዞ፣ «ጨው» አላት። ጨውን አቀበለችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና እንደገና፣ «ጨው» አላት።

አርዲስ አገጯን በእጇ ደግፋ አየችው። «የሚጣበቅ ነው የሚቀባ?»

«የሚቀባ!» አለ ዌንደል፤ ቅቤውን ገፋችለት።